አንድ ሰው ብቻ ያለው ሰው

በእኛ ሰው ዘንድ ስለ አንድ ዐይነ ስውር፣ ወይም መስማት ስለተሳነው፣ ወይም እግሩ አልታዘዝ ስላለው ሰው ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ለመሆኑ ሰው አለው?» የሚለው ነው። ሰው ካለው ልባችን ያርፋል። እኅቱ ታበላዋለች፤ የአጎቱ ልጅ እጁን ይዞ ያወጣዋል፤ አንዲት ደግ ጎረቤት ልብሱን ታጥብለታለች፤ ከዚያ ወዲያ የእኛ ድርሻ ከንፈር መምጠጥና ያንን ደግ ሰው መመረቅ ብቻ ይሆናል። «ስንት ሰው አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን፣ ከእናንተ ጋር በካምፑ በኖርኩባቸው ዓመታትም ሆነ አሁን በናይሮቢ፣ ብዙ አልገጠመኝም። ይህ ጽሑፍ ስለዚህች ቁጥር ነው።

ቁጥሯን ያስተማሩኝ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለሁ የሥነ ትምህርት አስተማሪያችን የነበሩ ዐይነ ስውር ሰው ናቸው። ጧት ወደ ክፍል ይዟቸው የሚመጣው ተማሪ ማታ ይዟቸው አይሄድም። ደብዳቤ ሲደርሳቸው አንዱ ተማሪ ያነብላቸዋል፤ በሁለተኛው ቀን ያንኑ ደብዳቤ ሌላው እንደገና እንዲያነብላቸው ያደርጋሉ። የደመወዝ ቀንም እንዲሁ ነው፤ ብሩን አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይደግማል። እኛ ወጣቶቹ «ጋሼ ተጠራጣሪ ናቸው» እያልን እናማቸው ነበር። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ደፈር ብሎ ምክንያቱን ቢጠይቃቸው ሳቅ ብለው እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ደብዳቤዬን ሁልጊዜ አንተ ብቻ የምታነብልኝ ከሆነ ደብዳቤው ያንተ ሆነ ማለት ነው። ክፉ ነህ ማለቴ አይደለም። ደግ ሆነህ እንድትቆይ እየረዳሁህ ነው።»

ያን ጊዜ የገባኝ ስለ ደብዳቤና ስለ ገንዘብ ብቻ ነበር። የሰው ገላም እንደ ደብዳቤ በአንድ ሰው እጅ ሊወድቅ እንደሚችል ያየሁት እዚህ ፓርክላንድስ ነው።

ፓርክላንድስን በስም ብቻ ለምታውቁት ጥቂት ልበል። ከናይሮቢ መሐል በስተሰሜን ምዕራብ ያለ ሰፈር ነው፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከሕንድ የመጡ ሰዎች በብዛት ይኖሩበታል፤ ከጎዳናዎቹም ብዙዎቹ እንደ ክፍል ተማሪ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ። ትልቁ የአጋ ካን ሆስፒታል እዚህ ነው። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም እዚሁ ነው። ሲቲ ፓርክ በሚባለው ጫካ ያሉት ጦጣዎች ሰው ለምደው ከልጅ እጅ ሙዝ ነጥቀው ይበላሉ፤ የይለፍ ወረቀት የሚጠይቃቸው የለም። እኛ ስደተኞቹ የምንከራየው ከትልልቆቹ ቤቶች ጓሮ ያሉትን የሠራተኛ ክፍሎች ነው። እኔም በአንዷ እኖራለሁ፤ የምተዳደረውም የሰው ልጆች በማስጠናት ነው። ከካኩማ ለሕክምና የጉዞ ፈቃድ ይዞ የሚመጣ ወገን ሲኖር ደግሞ በአስተርጓሚነት እጠራለሁ።

እንዲህ ተጠርቼ ነው አንድ ቀን ከአንዲት መስማት የተሳናት ወጣት ሴት ጋር አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጥኩት። ስሟን አልጽፍም፤ ከየት እንደመጣችም፣ አብሯት የነበረው ዘመዷ ምኗ እንደሚሆንም አልጽፍም፤ እናንተ ብዙ ሰው ታውቃላችሁና። የቢሮውንም ስም መጥራት አያስፈልግም። ነገሩ ግን እንዲህ ነበር፦ የቢሮዋ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፤ እኔ በአማርኛ አስተላልፋለሁ፤ ዘመዷ በቤት ውስጥ በለመዱት የእጅ ምልክት ይነግራታል፤ እርሷ ትመልሳለች፤ መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ ይመጣል። ጥያቄው ሃያ ቃል ሆኖ ይገባና እርሷ ዘንድ ሲደርስ ሁለት የእጅ ምልክት ይሆናል። መልሷ አንድ ራስ መነቅነቅ ነው፤ ዘመዷ ዘንድ ሲደርስ ግን እንደገና ሃያ ቃል ሆኖ ይወጣል። «ሆዷን ያማታል፤ ሌሊት ትደነግጣለች፤ ከድሮም እንዲህ ናት፤ ከእኔ በቀር የሚገባት ሰው የለም።» ሠራተኛዋ ሁሉንም ጻፈች።

እኔ በኮሌጁ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ጊዜ የጣት ፊደል ተምሬአለሁ። ለማያውቁት ለማስረዳት ያህል፣ የእኛ አገር የጣት ፊደል እንደ ግእዙ ፊደላችን የተሠራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለው ልዩነት የሚታወቀው እጁ በሚንቀሳቀስበት አኳኋን ነው። ስንገባ «ሰላም» ብዬ በጣቴ ጽፌላት ነበር። ዘመዷ ሳቀብኝና «እርሷ ይኼን አታውቅም፣ አትድከም» አለኝ። ልጅቷ ግን አገር ቤት ሳለች መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምራ ነበር። እርሱ ይህን አያውቅም፤ ወይም ረስቶታል። ጥያቄው ሊያልቅ ሲል እጇ ከጠረጴዛው በታች፣ ጉልበቷ ላይ፣ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ ጀመር። አራት ፊደል ነው። ብ፣ ቻ፣ ዬ፣ ን።

ይህን ለሠራተኛዋ ነገርኳት። ብቻዋን መጠየቅ ትፈልጋለች አልኳት። ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ፋይሉን ገልብጣ አየችና «እርሱ እኮ የተመዘገበ ተንከባካቢዋ ነው፤ እርሱ ከወጣ ማን ያስተረጉምልናል?» አለችኝ። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። በሕግም በደንብም አብሯት እንዲቀመጥ የተመደበው ሰው፣ እርሷ ሳይኖር ልትናገር የፈለገችው ሰው ነበር። ቃሏ ወደ ዓለም የሚወጣበት በር አንድ ብቻ ነው፤ በበሩ ላይ የቆመውም እርሱ ነው።

እኔ ልተካው አልቻልኩም፤ አልፈለግሁምም። ወንድ ነኝ፣ የጣት ፊደል እንጂ የምልክት ቋንቋ አልችልም፣ ከዚያም በላይ እኔም አንድ ሰው ነኝ። የኬንያ የምልክት ቋንቋ ከእኛው የተለየ ስለሆነ የኬንያ አስተርጓሚ ብቻውን አይበቃም። ሦስት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ አገር ቤት መስማት ከተሳናቸው ልጆች ጋር የሠራች አንዲት ኢትዮጵያዊትና አንዲት ኬንያዊት ነርስ ተገኙ፤ ሁለቱ አብረው ሦስት ጊዜ አነጋገሯት። ምን እንዳለች አልተነገረኝም፤ ሊነገረኝም አይገባም። የማውቀው ዛሬ የምትኖረው በሌላ ቤት ከሁለት ሴቶች ጋር መሆኑን፣ በፋይሏም ላይ የተጻፈው ስልክ የራሷ መሆኑን ነው። እርሷ በጽሑፍ መልእክት ትመልሳለች፤ ፊደሏም ከብዙዎቻችን ይሻላል።

ከዚያ በኋላ በሕግ ትምህርት ቤቱ አካባቢ ካለ የፎቶ ኮፒ ቤት የኬንያን የወሲብ ወንጀሎች ሕግ አስገልብጬ ገዛሁ። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ለምክር ቤት ያቀረቡት ንጆኪ ንዱንጉ የተባሉ የምክር ቤት አባል ሲሆኑ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነዋል። መዝገበ ቃላት ይዤ ማታ ማታ አነበብኩት። የስደተኛም የዜጋም ሕግ ነውና ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

አንቀጽ 31 ስለ ምስክር ይናገራል። ፍርድ ቤት አንድን ምስክር ልዩ ጥበቃ የሚያሻው ነው ብሎ ሊሰይመው ይችላል፤ ለዚህም ከሚመለከታቸው ምክንያቶች መካከል ዕድሜ፣ የአእምሮ ወይም የአካል ጉዳት፣ የደረሰበት ድንጋጤ፣ የባህል ልዩነት፣ ቋንቋ፣ ምስክሩ ከባለጉዳዮቹ ጋር ያለው ዝምድና ይገኙበታል። ያን ጊዜ ምስክሩ ከመከለያ ጀርባ ሆኖ ሊናገር፣ ችሎቱ ሊዘጋ፣ ቃሉም በመካከል በሚቆም ሌላ ሰው በኩል ሊተላለፍ ይችላል። ይህን ሳነብ ደነቀኝ። ሕጉ ጉዳተኛው አይናገርም አላለም፤ የሚናገርበት ሌላ በር ይከፈትለት አለ እንጂ።

አንቀጽ 24ን አስተማሪ ነኝና ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የትምህርት ቤት አስተማሪ ወይም ሠራተኛ፣ የልዩ ትምህርት ተቋምም ቢሆን፣ በሥራ ቦታው ተጠቅሞ ተማሪውን ቢያባልግ ቅጣቱ ከ10 ዓመት የማያንስ እስራት ነው። በአደራ ቦታ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው እንዲሁ። እንግዲህ ሕጉ «ሰው አለው» የምንለውን ያንኑ ሰው በዐይኑ ያያል ማለት ነው።

ሦስተኛው አንቀጽ 40 ነው፤ ይህኛው በተለይ ለሽማግሌዎቻችን ነው። በዚህ ወንጀል የተጀመረን ክስ የማቋረጥ ሥልጣን የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ እንጂ የቤተሰብ ወይም የሽማግሌ አይደለም። ሽምግልናችንን አከብራለሁ፤ በድንበርና በውኃ ወረፋ ስንት ጠብ እንዳበረደ በዐይኔ አይቻለሁ። በዚህ ነገር ግን ሽማግሌ የሚያስታርቀው ማንን ከማን ጋር ነው? ካሣው የሚከፈለው ለአባት ነው፤ ይቅርታ የሚጠየቀው ወንድም ነው፤ ልጅቷ ግን ሻይ ታቀርባለች። በአገራችንም በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው የደፈራትን ሴት ካገባ ከክስ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ያንን ዘግቶ፣ በአንቀጽ 620 ድርጊቱን መረዳት ወይም መከላከል በማትችል ሴት ላይ ሲፈጸም ቅጣቱን እስከ 20 ዓመት አድርሶታል። ሕጉ ከተለወጠ ይኸው ስንት ዓመቱ፤ የሽማግሌው ምንጣፍ ግን ብዙ ቦታ በ1949ኙ ላይ እንደተነጠፈ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ የጥቂት ሰው ነገር ነው» ትሉ ይሆናል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የደመረ ጽሑፍ እንደሚለው አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ከሌሎች ሕፃናት ይልቅ ለጥቃት የመጋለጣቸው ነገር 3.7 እጥፍ ነው፤ ለወሲባዊ ጥቃት 2.9 እጥፍ፤ የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው ደግሞ 4.6 እጥፍ ይደርሳል። ከዚህም ቀረብ ያለ አለላችሁ። የሴቶች ስደተኞች ኮሚሽን የተባለ ድርጅት የአካል ጉዳተኛ ስደተኞችን የሥነ ተዋልዶ ጤና በሦስት አገሮች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያወጣ፣ አገሮቹ ኔፓል፣ ኡጋንዳና ኬንያ ነበሩ፤ የኬንያው ቦታ የእናንተው ካኩማ ነው። ጉዳተኞቹ ስለ ገላቸውና ስለ መብታቸው የተነገራቸው ጥቂት መሆኑን፣ የጤና ሠራተኞች ንቀትም ከደጅ እንደሚመልሳቸው ጥናቱ ጽፏል። ይህን ለማወቅ ጥናት ማስፈለጉ ራሱ ይገርመኛል፤ የክሊኒኩን ወረፋ ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ስለ ቁልፍ ላውራ። እዚህ ሰፈር በሰው ቤት ምግብ የሚያበስሉ አንዲት እናት አሉ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ለዐቅመ ሔዋን የደረሰች፣ አእምሮዋ ግን ከዕድሜዋ ጋር ያልሄደላት ልጅ አለቻቸው። ወደ ሥራ ሲወጡ ምግቧን፣ ውኃዋንና ባልዲዋን አስቀምጠው በሩን ከውጭ ይቆልፋሉ። ጭካኔ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ጎረቤቱም ሁሉ «ልጇን ጠባቂ እናት» እያለ ያመሰግናቸዋል። አንድ እሑድ ቡና ስንጠጣ «እትዬ፣ የዚህ በር ቁልፍ በስንት ሰው እጅ ነው?» አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። አንዱ በእሳቸው፣ አንዱ በቤቱ ባለቤት፣ አንዱ በዘበኛው። ከዚያ ዝም አሉ። ስኒያቸውን አስቀመጡ። ሦስት ሰው ከውጭ ሊከፍተው ይችላል፤ ከውስጥ የሚከፍተው ግን የለም።

ዘበኛው ምንም አላደረገም፤ ጨዋ ሰው ነው፤ ይህን ማለት ይገባኛል። እትዬ ግን በዚያው ሳምንት ሌላ መላ አበጁ። ሁለት ጎረቤት እናቶች ጋር ተነጋግረው የሥራ ሰዓታቸውን አለዋወጡ፤ ልጅቷም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየሄደች ትውላለች፤ አንዷ ሽንኩርት ታስልጣታለች፣ አንዷ ልብስ ታሳጥፋታለች። በሩም ከውስጥ መቀርቀሪያ ገባለት፤ መቀርቀር ለመማር ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀባት።

ከመቀርቀሪያው ይልቅ ያስቸገረው ቃል ነበር። እትዬ ልጃቸውን «ማንም ሰው እንዳይነካሽ» ሊሏት ፈለጉ፤ የሚነካው ምን እንደሆነ የሚጠሩበት ስም ግን አጡ። እስቲ እናንተም አስቡት። ለእጅ ስም አለን፣ ለክርን ስም አለን፣ ለዐይን ሽፋሽፍት ስም አለን። ወደዚያ ስንደርስ መጻሕፍቱ «ኀፍረተ ሥጋ» ይላሉ፤ የሥጋ እፍረት ማለት ነው። ሌላው ቃል ስድብ ነው። ስሙ ራሱ እፍረት የተባለን ነገር አንዲት ልጅ «እዚህ ነካኝ» ብላ እንዴት ታወጣዋለች? በፖሊስ ፊት፣ በሐኪም ፊት፣ በአባቷ ፊት? በጨዋነት ስም የወሰድንባት ይህንን ቃል ነው። ሦስቱ እናቶች አንድ ከሰዓት በር ዘግተው ቃል ሲመርጡ ዋሉ፤ እኔ ደጅ ሆኜ የሳቃቸውን ድምፅ እሰማ ነበር። የመረጡትን አልነገሩኝም። ልጅቷ ግን ዛሬ ታውቀዋለች ይላሉ።

ከስሙ ቀጥሎ ያስተማሯት «እምቢ» ማለትን ነው። እኛ አስተማሪዎች ጎበዝ የምንለው ልጅ ታዛዡን ነው፤ ጉዳተኛውን ልጅ ደግሞ ከሌላው ይልቅ አጥብቀን ታዛዥ እናደርገዋለን። ሌላ ሰው ያጥበዋል፣ ሌላ ሰው ያነሣዋል፣ ሌላ ሰው ልብሱን ያወልቅለታል፤ «ዝም በል፣ ልታጠብ ነው» ይባላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ገላው የእርሱ እንዳልሆነ ያስተማርነው ሰው አንድ ቀን እምቢ እንዲል ብንጠብቅ ከየት ያመጣዋል? በበኩሌ ከማጠብ በፊት «ላጥብሽ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጠበቅ ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል። የአፍ መልስ የሌለው ሰው እንኳ በዐይኑ ይመልሳል።

ስለ መርፌም ሳልጽፍ አላልፍም። አንዳንድ ቤተሰብ «ለማንኛውም» ብሎ ልጅቷን ወስዶ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ያስወጋታል፤ እርሷ ለምን እንደሆነ አይነገራትም፣ አትጠየቅም። መርፌው እርግዝናን እንጂ ሰውየውን አይከለክልም። እንዲያውም ለሰውየው ማስረጃውን ያጠፋለታል። መርፌውን ራሷ ጠይቃ ለምትወስደው ሴት ነገሩ ሌላ ነው፤ መብቷ ነው። ልዩነቱ የማን ጥያቄ እንደሆነ ነው።

ካምፑ ውስጥ ይህ ነገር የት የት እንዳለ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ከ2015 ወዲህ የምግቡ እርዳታ ከፊሉ በስልክ መምጣት ሲጀምር፣ ያው «ባምባ ቻኩላ» ያልነው፣ ዐይነ ስውሩ ሰው የሚስጥር ቁጥሩን ለአንድ ሰው ሰጠ፤ ያ ሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ ጌታው ሆነ። መጸዳጃ ቤቱ ሩቅ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ሴት ሌሊት የሚገፋት ትፈልጋለች፤ የሚገፋትም ሁልጊዜ ያው አንዱ ነው። «እንትናን አስቀይሜ ማን ይገፋኛል?» ስትል ሰምቻታለሁ። ስለ ምን እንዳወራች አልጠየቅኋትም፤ ሌሎች ሁለት ሴቶች ተራ እንዲገቡ ግን በዚያው ሳምንት ተነጋገርን። እርዳታ ሰጪውም ከዚህ ውጭ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ ካምፖች እርዳታ በገላ ይለወጥ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2002 ከተጋለጠ በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በ2003 ባወጡት መመሪያ ሠራተኛው ገንዘብ፣ ሥራ ወይም እርዳታ እየሰጠ በለውጡ ወሲብ እንዳይጠይቅ ተከልክሏል። ሴትዮዋ እሺ ብትልም ክልክል ነው። ይህን ለማታነብ ሰው ንገሩልኝ።

ነገሩ ከደረሰ ደግሞ ሰዓት አለው። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ መጠን ይሻላል። እርግዝና መከላከያው እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሠራል። ልብሱ አይታጠብ፤ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ይጠቅለል። በመንግሥት ጤና ተቋም ሕክምናው ያለ ክፍያ ነው፤ ለፖሊስ አስቀድሞ ማመልከትም ግዴታ አይደለም፤ ሐኪሙ ያየውን በቅጽ ይሞላል፤ ፖሊስ ጋር ሲኬድ የሚሞላው ፒ ስሪ የሚባለው ቅጽም አይሸጥም። በ1195 መደወል ይቻላል፤ ለሕፃናት 116 ነው። መስማት ለተሳነው ሰው ግን ስልክ ምን ያደርግለታል? ለእርሱ አብሮት የሚሄድ ሰው፣ ካልሆነም የሚጽፍበት ወረቀት ያስፈልገዋል። ወረቀቱን ራሱ ይያዘው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ጉዳተኛን ከሰው ሁሉ አርቁት ያልኩ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ ጠባቂ ጥቃትን ሲከላከል ፍቅርንም አብሮ ይከላከላል። በካምፑ ሳለሁ የማውቃቸው ሁለት ዐይነ ስውራን ሊጋቡ ሽማግሌ ቢልኩ «ማን ማንን ሊመራ ነው?» ተብሎ ተሳቀባቸው። ሙሽራው «ለመብራት የምናወጣው ስለሌለ ከእናንተ ትዳር የእኛ ይረክሳል» ብሎ መለሰ። ተጋቡ፤ ልጅም አላቸው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው፣ ኬንያ በ2008፣ ኢትዮጵያም በ2010 የተቀበሉት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 ከጥቃት የመጠበቅን መብት ሲጽፍ፣ በአንቀጽ 23 የማግባትንና ልጅ የመውለድን መብት ጽፏል። ሁለቱን ባንድ ወረቀት ያኖሩት ሰዎች ነገሩ ገብቷቸዋል።

እግረ መንገዴን ስለ አጠራር አንድ ነገር ልበል። የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 አካል ጉዳተኛ ሰው በሚያዋርድ አጠራር እንዳይጠራ መብት ሰጥቶታል። የእኛ የድሮ ጽሑፎች «አካለ ስንኩል» ይሉ ነበር፤ ዛሬ «አካል ጉዳተኛ» እንላለን፤ በውኃው ወረፋ ግን አሁንም «ያቺ አንካሳዋ» ነው የሚባለው። ስም ያላት ሴት ናት። ስሟን የማናውቃት ሴት አንድ ቀን ብትቀር ማን ብለን እንፈልጋታለን?

የጣት ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በስድስት ወረቀት ሥዬ ጨርሻለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በሎድዋር በኩል የሚመጣ ሰው ይዞላችሁ ይመጣል። ስትገለብጡ የእጁን አቅጣጫ እንዳታገላብጡ፤ ቀስቱ የሚያሳየው እጁ የሚንቀሳቀስበትን ነው፤ እርሳስ ስለሚጠፋ በቢክ ይሁን። ከእናንተ መካከል ይህን ጽሑፍ ለዐይነ ስውር ጎረቤቱ የሚያነብ ካለ፣ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ያንብብላቸው።